ትምህርት 14፦ ምልክትና ምክንያት

ሀ. መግቢያ

ሰው ትኩሳት ሲይዘው ትኩሳቱ ራሱ በሽታው አይደለም፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለ የአንድ በሽታ ምልክት ነው። ምልክቱን ከምክንያቱ ጋር የሚያምታታ ሐኪም የተሳሳተ መድኃኒት ያዛል። እንዲሁም ምልክቱን ከምክንያቱ ሳይለይ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሳስታል። በዚህ ትምህርት የታየን ነገር፣ የተገመተን ነገርና የተረጋገጠን ምክንያት በአማርኛ ለይቶ መግለጽን እንማራለን። ለማስተማሪያነት የመረጥነው ምንባብ ስለ ጋራዥ ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ምክንያቱም መካኒክ በቃሉ ሲሳሳት የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በዝምታ፣ ቀጥሎም ድምፅ በማሰማት አንብቡ። ስታነቡም በዐይን የታየው፣ በግምት የተነገረውና በመለካት የተረጋገጠው የትኛው እንደ ሆነ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ለይታችሁ ጻፉ።

የአሮጌዋ ኮሮላ ሞተር

ጠበላ በወላይታ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በመካከልዋ ስለሚያልፍ ከንጋት እስከ ምሽት የመኪና ድምፅ አይለያትም። በስተሰሜን፣ ከሶዶ በላይ፣ የዳሞታ ተራራ አለ፤ በስተደቡብ ምድሩ ወደ አባያ ሐይቅ ዝቅ እያለ ይሄዳል።

አንድ ቀን ማለዳ በዚሁ መንገድ ዳር ወደሚገኝ ጋራዥ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። መኪናዪቱ ቆማ ሳለ የሞተሩ ድምፅ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ አልፎ አልፎም ሊጠፋ ይደርሳል። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የቤንዚን ሽታም አካባቢውን ሞልቶታል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራና መልሶ ይጠፋል።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ» አለ ሾፌሩ። «ይህች መኪና ሚኒሞ አልይዝ ብላ ሁለት ወር ሙሉ አስቸገረችኝ። ኮድ ተነበበላት፤ የውሃ ሙቀት ሰንሰር ነው ተብዬ አዲስ ገዝቼ አስገጠምሁ። ምንም አልተሻላትም። አሁን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ይቀየር ብለውኛል። የእቁብ ዕጣ ስለ ደረሰኝ ገንዘቡን ይዣለሁ፤ ወደ ሶዶ ከመውጣቴ በፊት ግን እርስዎ አንድ ጊዜ ይዩልኝ ብዬ መጣሁ።»

ሽማግሌው መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀረቡ።

«ገንዘቡን ለጊዜው ከኪስህ አታውጣ፣ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ የምጠይቅህን መልስልኝ። መንቀጥቀጡ የጀመረው መቼ ነው?»

«ራዲያተሩ አፍስሶ፣ ተነቅሎ ከተበየደ በኋላ ነው።»

«የሚብሰው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ?»

«ሲሞቅ ነው፤ በተለይም ቆሜ ሰው ስጠብቅ። ቤንዚን ስሰጣት ትንሽ ይሻላታል።»

«መብራቱ ሲበራስ?»

ሾፌሩ ጥቂት አሰበ። «የሚገርመው እርሱ ነው፣ ጋሼ። መብራቱ ሲበራ ትረጋጋለች፤ ሲጠፋ ትንቀጠቀጣለች።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገር ግን ምንም አልተናገሩም።

በጋራዡ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሥራ የሚለማመድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። «ኮዱን አንብብ» ብለው አዘዙት። ልጁ ሞተሩን አጠፋ፤ በሞተሩ ክፍል ያለችውን የመመርመሪያ ሣጥን ክዳን ከፍቶ «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘ። ከዚያም ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ከፈተ። የማስጠንቀቂያው መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ጥቂት ቆየና እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ።

«ሃያ ሁለት!» አለ ልጁ። «የውሃ ሙቀት ሰንሰሩ ተበላሽቷል። አዲሱም ሰንሰር ብልሹ ነው ማለት ነው።»

«መብራቱ እንዲህ አለህን?» አሉ ሽማግሌው። «ሃያ ሁለት ማለት፣ ‹ስለ ውሃው ሙቀት የሚደርሰኝ ምልክት ትክክል አይደለም› ማለት ነው። ምልክቱ ከሰንሰሩ ተነሥቶ፣ በመጋጠሚያና በሽቦ አልፎ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ይደርሳል። ከመንገዱ በየትኛው ቦታ ላይ እንደ ተበላሸ ኮዱ አይነግርህም። ደብዳቤ ሳይደርስህ ቢቀር ላኪው አልጻፈም ብለህ ትፈርዳለህን? መልእክተኛው በመንገድ ጥሎት ይሆናል።»

ቀጥለው ቴስተር አመጡ። የሰንሰሩን መጋጠሚያ ነቅለው፣ ሞተሩ እንደ ሞቀ፣ ሰንሰሩን ራሱን ለኩት። ቴስተሩ 300 ኦም ያህል አሳየ።

«ይህ ሰንሰር ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል» አሉ። «በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ሊያሳይ ይገባል። ስለዚህ ሰንሰሩ ጤነኛ ነው። አሁን መንገዱን እንለካ።»

መጋጠሚያውን መልሰው ሰኩት፤ ከዚያም የኮምፒዩተሩን መጋጠሚያ ነቅለው ያንኑ መሥመር ከወዲያኛው ጫፍ ለኩት። ቴስተሩ ከ3,000 ኦም በላይ አሳየ። ልጁ ሽቦውን በእጁ ሲነቀንቀው ቁጥሩ ይዘል ጀመር፤ አንድ ጊዜም ጨርሶ ተቋረጠ። ሽቦውን በእጃቸው እየዳበሱ ሲከተሉት ከራዲያተሩ አጠገብ በናስትሮ የተጠቀለለ ቦታ አገኙ። ናስትሮው ሲፈታ ሁለት የሽቦ ጫፎች ሳይበየዱ እንዲሁ ተጠማዝዘው ታዩ፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

«ራዲያተሩ በተነቀለ ጊዜ ሽቦው ተበጥሶ በችኮላ የተቋጠረ ይመስላል» አሉ ሽማግሌው። «የተቋጠረው ቦታ እንደ ነገሩ ሲነካካ በመሥመሩ ላይ ተቃውሞ ይጨምራል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ የሞቀውን ሞተር ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያምን ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጠዋል። ጭሱ የጠቆረው፣ ሚኒሞውም የጠፋው ለዚህ ነው። ቋጠሮው ፈጽሞ ሲለያይ ግን ኮምፒዩተሩ ምልክቱ እንደ ተቋረጠ ያውቃል፤ መብራቱን ያበራና ውሃው 80 ዲግሪ እንደ ሆነ ቆጥሮ ይሠራል። ሞተሩ በእርግጥ የሞቀ ስለ ሆነ ይህ ግምት ይስማማዋል። መብራቱ ሲበራ የምትረጋጋው ስለዚህ ነው።»

ዝገት የለበሰው ሽቦ ተቆርጦ ጤነኛው ክፍል በካውያ ተበየደ፤ በሚገባም ተሸፈነ። አራቱ ካንዴላዎች ሲፈቱ በጥላሸት ጠቁረው ስለ ተገኙ ተጠርገው ተመለሱ። የቀድሞው ኮድ ከኮምፒዩተሩ እንዲጠፋ ፊውዙ ለጥቂት ጊዜ ተነቅሎ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ እኩል ሆነ። ሽማግሌው ግን «ጨርሰናል» አላሉም። ሾፌሩ ወደ ሶዶ ዳገቱን ወጥቶ እንዲመለስ አደረጉ፤ ሲመለስም ልጁ ኮዱን ዳግመኛ አነበበ። መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ይህም የተመዘገበ ኮድ የለም ማለት ነው።

ሾፌሩ ከመኪናው ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የተጣለው አሮጌ ሰንሰር ነበር። ልጁ ጫፉን ለሻይ በፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ለካው፤ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ ከ200 ኦም አካባቢ ቆመ። ከውሃው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ተመልሶ ወጣ።

«ጤነኛ ነበር» አለ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሾፌሩ መልስ አልሰጠም። ሰንሰሩን መልሶ ጠቀለለና የእቁቡን ገንዘብ በያዘበት ኪስ ውስጥ ከተተው። ልጁም ወደ ጋራዡ መዝገብ ሄደ፤ ጠዋት «ምክንያት፦ ሰንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ የጻፈውን መሥመር ሰረዘ።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ሚኒሞ፦ መኪና ቆማ፣ ቤንዚን ሳይሰጣት፣ ሞተሯ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት።
ካንዴላ፦ በሞተሩ ውስጥ የቤንዚንና የአየር ድብልቅን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥል ዕቃ።
ማርሚታ፦ ጭስ የሚወጣበትና የሞተሩን ድምፅ የሚያፍን ዕቃ።
ናስትሮ፦ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበት ተጣባቂ ጥብጣብ።
ካውያ፦ ሽቦ ለመበየድ የሚያገለግል የሚግል መሣሪያ።
ሰንሰር፦ ሙቀትን፣ ግፊትን ወይም እንቅስቃሴን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ዕቃ።

ከእነዚህ ቃላት መካከል ሚኒሞ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታና ናስትሮ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ሙያ ቃላት ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ወደ አማርኛ ገብተዋል።

መ. ስለ ምንባቡ ተጨማሪ ማብራሪያ

በካርቡራተር የሚሠሩ የቀድሞ መኪኖች ኮድ የላቸውም፤ ብልሽታቸው የሚታወቀው በማየት፣ በመስማትና በመለካት ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ቤንዚኑን መመጠን ከጀመረ በኋላ ግን መኪናው ራሱ ስለ ብልሽቱ ምልክት መስጠት ጀመረ። በአሜሪካ የካሊፎርንያ ክፍለ ግዛት ከ1988 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ መኪኖች ራሳቸውን የሚመረምሩበት መሣሪያ እንዲኖራቸው አስገደደ። በመጀመሪያው ዘመን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ኮድ ነበረው። በዚያ ዘመን በነበሩት ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች 21 የኦክስጅን ሰንሰርን መሥመር፣ 22 የውሃ ሙቀት ሰንሰርን መሥመር፣ 41 ደግሞ የአየር መግቢያውን በር አከፋፈት የሚያመለክተውን ሰንሰር መሥመር ያሳያል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች አንድ ዓይነት አሠራር ተደነገገ። «ፒ 0171» ድብልቁ ቤንዚን እንዳነሰው፣ «ፒ 0300» ደግሞ በተለያዩ ሲሊንደሮች ውስጥ ማቀጣጠሉ እንደሚስት የሚያመለክቱት በዚህ አሠራር ነው።

ለሚኒሞ መጥፋት ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ለምሳሌ ካንዴላ ሊበላ፣ የካንዴላ ሽቦ ሊሰነጠቅ፣ የቤንዚን ፊልትሮ ሊደፈን ይችላል። ከአየር መግቢያው ጋር የተያያዘ የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀም ያልተመጠነ አየር ይገባል። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለ ሆነ ይህ ትርፍ አየር ድብልቁን ያዛባዋል። ቤንዚን ሲሰጥ ግን የሚሳበው አየር ስለሚበዛ ትርፉ ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። የምንባቡ ሾፌር «ቤንዚን ስሰጣት ትንሽ ይሻላታል» ሲል የተናገረው ለዚህም ምክንያት ሊስማማ ይችል ነበር። ጥቁር ጭሱ ግን አይስማማውም፤ ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት እንጂ የአየር መብዛት ምልክት አይደለም። እንግዲህ አንድ ምልክት ከብዙ ምክንያቶች ጋር ሊስማማ ስለሚችል ምልክቶችን እርስ በርሳቸው ማመሳከር ያስፈልጋል።

ይህ ዕውቀት በአገራችን ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ቀደም ብለው የገቡትን መኪኖች በጥንቃቄ መርምሮ መጠገን የብዙ ቤተሰቦችን መተዳደሪያ መጠበቅ ነው።

ሠ. ሰዋስው

1. የእርግጠኝነት ደረጃ

አማርኛ የተናጋሪውን እርግጠኝነት በማሰሪያ አንቀጹ ይገልጻል። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሽቦው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። (ደካማ ግምት)
ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል። (ግምት)
ሽቦው ሳይበጠስ አልቀረም። (ጠንካራ ግምት)
ሽቦው ተበጥሷል። (ማረጋገጫ)

በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ሽቦውን ማየት ወይም መለካት አለበት። የምንባቡ ተማሪ የተሳሳተው ግምቱን በማረጋገጫ ማሰሪያ ስለ ተናገረ ነው። «ተበላሽቷል» በማለት ፈንታ «ተበላሽቶ ይሆናል» ቢል ኖሮ ንግግሩ ስሕተት ባልሆነ ነበር።

«ይሆናል» የሚለው ቃል ሁለት አገባብ እንዳለው አስተውሉ። «መኪናዋ ነገ ዝግጁ ትሆናለች» በሚለው ውስጥ የትንቢት ጊዜን ያመለክታል፤ «መልእክተኛው ጥሎት ይሆናል» በሚለው ውስጥ ግን ስላለፈ ነገር የተነገረ ግምት ነው።

2. «ከ… በኋላ» እና «ስለ…»

ሀ/ ራዲያተሩ ከተበየደ በኋላ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
ለ/ ራዲያተሩ ስለ ተበየደ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ይናገራል፤ እውነትም ነው። ሁለተኛው ምክንያትን ይናገራል፤ ሐሰት ነው። ሞተሩን ያንቀጠቀጠው ቋጠሮው እንጂ ብየዳው አይደለም። ቀድሞ የሆነ ነገር ሁሉ የኋለኛው ምክንያት አይሆንም፤ ሆኖም የት መፈለግ እንዳለብን ሊጠቁመን ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱ እስኪረጋገጥ ድረስ «በኋላ» በሚለው መጠቀም ይገባል።

3. ያልተፈጸመ ሁኔታ

ሳይፈጸም የቀረ ሁኔታ በ«ቢ… ኖሮ»፣ ውጤቱም በ«በ… ነበር» ይገለጻል።
ምሳሌ፦ መሥመሩ አስቀድሞ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ሰንሰር ባልተገዛ ነበር።

4. የተጸውዖ ስምና ግስ

«ጠበላ» የከተማ ስም ሲሆን የተጸውዖ ስም ነው፤ «ተበላ» ከሚለው ግስ ጋር በድምፅ ቢቀራረብም እንደ ግስ አይተነተንም። መካኒክ «ካንዴላው ተበላ» ሲል ግን ቃሉ ተደራጊ ግስ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በመጀመሪያው ፊደልና ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለው አገባብ ነው።

ረ. የድርሰት ትምህርት፦ የምርመራ ዘገባ

የምርመራ ዘገባ አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይይዛል፤ እነርሱም የታየው ምልክት፣ የነገሩ ታሪክ፣ ግምቱ፣ ግምቱ የተፈተነበት መንገድና ውጤቱ ናቸው። ምልክት ሲጻፍ ገና ፍርድ አይሰጥም፤ ግምት ሲጻፍ የግምት ማሰሪያ ይኖረዋል፤ ፈተና ሲጻፍ በቁጥር ይደገፋል። የሚከተለው ተማሪው ስሕተቱን ከሰረዘ በኋላ እንደገና የጻፈው ዘገባ ነው።

«መኪናዋ ስትሞቅ ሚኒሞ አትይዝም፤ ጥቁር ጭስም ታወጣለች። መብራቱ ሲበራ ትረጋጋለች። ችግሩ የታየው ራዲያተሩ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ ነው። ኮድ 22 ተነበበ። ሰንሰሩ ወይም መሥመሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብለን ገመትን። ሞተሩ እንደ ሞቀ ሰንሰሩ ሲለካ 300 ኦም ስላሳየ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። መሥመሩ ከኮምፒዩተሩ በኩል ሲለካ ከ3,000 ኦም በላይ አሳየ፤ ሲነቀነቅም ተቋረጠ። ከራዲያተሩ አጠገብ የዛገ ቋጠሮ ተገኝቶ ተበየደ፤ ካንዴላዎቹም ተጠረጉ። ከጉዞ በኋላ ኮድ አልተመዘገበም።»

በዚህ ዘገባ ውስጥ ሽቦውን ማን እንደ ቋጠረው አልተጻፈም። ሽማግሌው «ይመስላል» ብለው የተናገሩትን ያረጋገጠ ሰው ስላልነበረ ተማሪው ትቶታል።

ሰ. መልመጃ

መልመጃ 1፦ ከምንባቡ በመነሣት መልሱ።
1. ሽማግሌው መካኒክ ኮዱን ከማስነበባቸው በፊት ስንት ጥያቄዎች ጠየቁ? ከመልሶቹ ይበልጥ የረዳቸው የትኛው ነው? ለምን?
2. መብራቱ ሲበራ መኪናዋ የምትረጋጋበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
3. ሞተሩ እኩል ድምፅ ካሰማ በኋላ ሽማግሌው «ጨርሰናል» ያላሉት ለምንድን ነው?
4. ኮምፒዩተሩ ተገዝቶ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ በተሻላት ነበርን? መልሳችሁን በ«ቢ… ኖሮ» ጻፉ።

መልመጃ 2፦ የሚከተሉትን ማረጋገጫዎች ወደ ደካማ ግምት፣ ቀጥሎም ወደ ጠንካራ ግምት ለውጡ።
1. ባትሪው ሞቷል።
2. የቤንዚን ፊልትሮው ተደፍኗል።
3. የጎማ ቱቦው ተሰንጥቋል።

መልመጃ 3፦ በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «ስለ» በትክክል ገብቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በምክንያት አስረዱ።
1. ካንዴላው በጥላሸት ስለ ተሸፈነ ብልጭታው ደከመ።
2. መኪናዋ ትናንት ስለ ታጠበች ዛሬ አልነሣ አለች።

መልመጃ 4፦ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የተበላሸን አንድ ዕቃ ምረጡ፤ የውሃ ቧንቧ፣ የወፍጮ ሞተር ወይም ራዲዮ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፤ ራሳችሁም ተመልከቱ። ከዚያም ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የምርመራ ዘገባ ጻፉ። ያላያችሁትን «ነው» አትበሉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ማሰሪያ አንቀጾቹን አንድ በአንድ አስምሩባቸው፤ ማስረጃ ያላገኛችሁለትን ማረጋገጫ ሁሉ ወደ ግምት ለውጡ ወይም ሰርዙ።